አየሩ በሳሳበት ደጋ የአሮጌ መኪና በሽታ እንዴት ይታወቃል?

ወረኢሉ ከባሕር ወለል በላይ 2,700 ሜትር ገደማ ላይ ያለች ከተማ ናት። በዚህ ከፍታ ውሃ 100 ዲግሪ እስኪደርስ አይጠብቅም፤ 91 ላይ ይንተከተካል። ለቤት እመቤቷ ይህ ማለት ባቄላው ዘግይቶ ይበስላል ማለት ነው። ለአሮጌ መኪና ግን የሞተር ሞትና ሽረት ነው። የብዙ ሞተሮች ተርሞስታት ውሃውን ወደ ራዲያተር የሚለቀው ከ82 እስከ 88 ዲግሪ ሲደርስ ነው። የራዲያተሩ ክዳን ግፊት መያዝ ካቃተው ታዲያ፣ በጤናማው የሥራ ሙቀትና በመፍላት መካከል የሚቀረው ጥቂት ዲግሪ ብቻ ይሆናል። 0.9 ባር የሚይዝ ደህና ክዳን የመፍያውን ሙቀት እዚያው ወረኢሉ ላይ ወደ 114 ዲግሪ ያደርሰዋል። ላስቲኩ የደረቀ አንድ ክዳን ከ20 ዲግሪ በላይ መጠባበቂያ ይዞ ይሄዳል ማለት ነው።

ሾፌሩ ግን ውሃው ሲፈላ ብዙውን ጊዜ የሚሰማው ፍርድ ሌላ ነው፦ «ቴስታታው (የሞተሩ ራስ) ሄዷል፣ ይውረድ።»

ያ ፍርድ እንዴት ይሰጣል? በጆሮና በእጅ ነው፣ በመለኪያ ነው፣ ወይስ አሁን አሁን እንደተለመደው «በኮምፒውተር ታይቶ»? ጥያቄው የጋራዥ ብቻ አይደለም። ከደሴ በጉጉፍቱ ወደ ወረኢሉ፣ ከአቀስታ ወደ መካነ ሰላም፣ ከዚያም የአባይን በረሃ ተሻግሮ ወደ ጉንደ ወይን የሚሄደው ሰው፣ እህልና በሽተኛ በአብዛኛው የሚጓዘው ብዙ ዓመት በሠራ መኪና ነው። በስህተት የወረደ ሞተር የአንድ ቤተሰብን የዓመት ገቢ ይዞ ሊወርድ ይችላል።

ሙያው በየት በኩል ገባ

በ1888 ዓ.ም. ዳግማዊ ምኒልክ ለአድዋ ዘመቻ የሸዋን ጦር እንዲከትባት የመረጧት ወረኢሉ ያኔ የምታውቀው ጭነት የበቅሎና የአጋሰስ ነበር። የመጀመሪያው መኪና አዲስ አበባ የገባው ከዚያ 12 ዓመት ቆይቶ፣ በ1900 ዓ.ም. ነው፤ ያመጣው ቤንትሊ የተባለ እንግሊዛዊ ነበር። ወሎ የጭነት መኪናን በብዛት ያየችው ግን በሰላም ጊዜ አልነበረም። በሚያዝያ 1928 የጣሊያን ጦር ደሴን ከያዘ በኋላ ከ1,500 በላይ ተሽከርካሪዎች አሰልፎ ወደ አዲስ አበባ ተንቀሳቀሰ፤ ጣርማ በር ላይ መንገዱ ፈርሶ ጭቃው መኪኖቹን ያዛቸው፤ ሚያዝያ 27 ዋና ከተማዋ ገባ። አምስቱ ዓመት ሲያበቃ ወራሪው ሄደ። መኪኖቹ፣ መፍቻዎቹና ቃላቱ ግን ቀሩ።

ቃላቱ ዛሬም በየጋራዡ ይሰማሉ። ፍሬን፣ ፍሪሲዮን፣ ማርሽ፣ ካምቢዮ፣ ባሌስትራ፣ ኩሽኔታ፣ ካንዴላ፣ ቴስታታ፣ ጓርኒሲዮን፣ ሞተሪኖ፣ ማርሚታ፣ ፍሬቻ፣ ካቻቢቴ። በየዓመቱ መስታወት ላይ የሚለጠፈው ቦሎ ሳይቀር ጣሊያንኛ ነው። ከባዱ ፊያት 682 ኤን 3 «ኤንትሬ» ተብሎ ስሙን እንደያዘ በአቀበቱ ሁሉ ኖሯል። በደርግ ዘመን የገባችው ላዳም ከፊያት 124 የተቀዳች ስለነበረች፣ በጣሊያን መኪና ላይ ሙያውን የተማረ እጅ እሷን ለመልመድ አልተቸገረም።

ሙያው በአብዛኛው የተላለፈው በመጽሐፍ አልነበረም። ከአዲስ አበባው ተግባረ እድና በ1955 ዓ.ም. ከተከፈተው የባሕር ዳር ፖሊቴክኒክ የወጡ ተማሪዎች ነበሩ። ብዙው መካኒክ ግን መፍቻ እያቀበለ፣ ናፍጣ በተሞላ ጣሳ ውስጥ ብሎን እያጠበ፣ ዋናውን መካኒክ እያየ ያደገ ነው። ትልቁም ጥንካሬ ትልቁም ክፍተት የሚመነጨው ከዚህ ነው፦ እጁ ሥራውን ያውቃል፣ ቁጥሩ ግን ከእጅ ወደ እጅ ሲተላለፍ ይጠፋል።

«አሮጌ» ሲባል የቱ ነው?

ስለ አሮጌ መኪና የሚደረገው ክርክር ብዙ ጊዜ የሚደበላለቀው ሦስት የተለያዩ ትውልዶች በአንድ ስም ስለሚጠሩ ነው።

የመጀመሪያው የካርቡራተር ትውልድ ነው፦ ቮልስ፣ ፊያት፣ ፔጆ 404፣ ላዳ፣ የድሮው ኮሮላ። እነዚህ ላይ ቤንዚኑም እሳቱም በዓይን ይታያል። ካንዴላው ተፈትቶ ቀለሙ ይነበባል፤ ቡናማ ከሆነ ጤና፣ ጥቀርሻ ከለበሰ ቤንዚን በዝቷል፣ በዘይት ከራሰ የፒስቶኑ ፋሻ ወይም ቫልቭ ደክሟል። ሁለተኛው ምንም ኮምፒውተር የሌለው የናፍጣ ሞተር ነው፤ የቆየው ሃይኤስ፣ 1ኤችዜድ ሞተር ያለው ላንድክሩዘር፣ የቀድሞው አይሱዙ ኤንፒአርና በእሱ ሻሲ ላይ የተሠራው ቅጥቅጥ አውቶብስ እዚህ ይመደባሉ። ሦስተኛው በኤሌክትሮኒክስ የሚመራ ቤንዚን የሚረጭ ሞተር ያለው ነው፤ በ1999 እ.ኤ.አ. የተጀመረችው ቪትዝ ዛሬ አሮጌ ከሚባሉት ተርታ ገብታለች።

ለአንዱ የሚበጀው ምርመራ ለሌላው አይሆንም። ለ1ኤችዜድ ሞተር «በኮምፒውተር ይታይ» ማለት ምንም ማለት አይደለም፤ የሚታይ ኮምፒውተር የለውም። ቪትዝን ደግሞ በጆሮ ብቻ መመርመር ሴንሰሩ የሚናገረውን ሳይሰሙ መፍረድ ነው።

የጆሮና የእጅ ወገን

ልምድ ያለው መካኒክ ጆሮ ተረት አይደለም። ስልቱን የጠበቀ የላይ መንቋቋት ከቫልቭ፣ ጉልበት ሲሰጥ የሚጎላ ከባድ የሥር ድምፅ ከቢዬላ ኩሽኔታ እንደሚመጣ የሚለይ ሰው፣ ሞተር ሳይፈታ እውነተኛ ነገር ይናገራል። የጭስ ቀለምም እንዲሁ። ሰማያዊ ሲሆን ዘይት ይቃጠላል። ሞተሩ ከሞቀ በኋላም ሳያቋርጥ የሚወጣ ነጭ ጭስ ከሚጎድል የራዲያተር ውሃ ጋር ከተገጣጠመ የቴስታታው ጓርኒሲዮን ይጠረጠራል። ጥቁር ሲሆን ነዳጁ ከአየሩ በልጧል።

ችግሩ ያለው እዚሁ ጥቁሩ ጭስ ላይ ነው። በወረኢሉ ከፍታ የአየሩ ግፊት በባሕር ጠረፍ ካለው 72 በመቶ ገደማ ብቻ ነው። ቱርቦ የሌለው ሞተር ከጉልበቱ ሩቡን ያህል እዚያው ያጣል፤ የናፍጣ ፖምፓው ግን ለባሕር ጠረፍ የተለካለትን ናፍጣ ይረጫል። ስለዚህ ጤናማ ሞተርም ጉጉፍቱን ሲወጣ ሊጠቁርና አልጎትት ሊል ይችላል። ጉጉፍቱ ከ3,000 ሜትር በላይ ነው። ኮምቦልቻ፣ 1,850 ሜትር አካባቢ፣ የሠለጠነ ጆሮና ዓይን ይህንን ጭስ የናፍጣ መርጫው አፍንጫ ወይም የፖምፓ በሽታ ብሎ ቢፈርድ አያስገርምም። ልምድ የተቀሰመበት ከፍታ አለው።

ፍሬኑም ላይ ተመሳሳይ ነገር አለ። የፍሬን ማገዣው የሚሠራው በውስጡ ባለው ባዶነትና በውጭው አየር ግፊት ልዩነት ነው። የውጭው ግፊት ሲቀንስ እገዛው ይቀንሳል፤ ፔዳሉ ይጠነክራል። ጠንካራ ፔዳል የከፍታ ነገር ሊሆን ይችላል። እየሰመጠ የሚሄድ ፔዳል ግን የከፍታ ነገር አይደለም፤ አየር ወይም የሚያፈስ ጎሚኒ አለ፣ አለዚያም እርጥበት የጠጣ የፍሬን ዘይት ቁልቁለት ላይ ግሎ ፈልቷል። ወደ አባይ በረሃ የሚወርድ ሾፌር ይህን ልዩነት በእግሩ ማወቅ ግድ ይለዋል።

የመለኪያ ወገን፣ ከነስህተቱ

ከሙያ ትምህርት ቤት የሚወጣው ትውልድ «አትገምት፣ ለካ» ይላል። ትክክል ነው። መለኪያው ራሱ ግን የተሠራው ለሌላ አገር አየር ከሆነስ?

የኮምፕሬሽን ምርመራን ቀረብ ብሎ ማየት ይጠቅማል። ካንዴላዎቹ ይወጣሉ፣ መለኪያው በቀዳዳው ይገጠማል፣ ሞተሩ በሞተሪኖ ይዞራል፣ ቁጥር ይነበባል። የአምራቹ መጽሐፍ ለምሳሌ «12 ባር ይሁን፣ ከ9.5 በታች ከሆነ ሞተሩ ይታደስ» ቢል፣ ያ ቁጥር የባሕር ጠረፍ ቁጥር ነው። ፒስቶኑ ወረኢሉ ላይ የሚስበው አየር ሳስቶ ስለሚገባ፣ ምንም ያልተጎዳ ሞተር እዚህ የሚያሳየው 8.7 አካባቢ ነው። መጽሐፉን ቃል በቃል የተከተለ ወጣት መካኒክ ጤነኛውን ሞተር ለቶርኖ ቤት ይሰጠዋል። በጆሮው የሚተማመነው ሽማግሌ በዚህ ጉዳይ ላይ ከመጽሐፉ ይሻላል፤ ለምን እንደሚሻል ግን ማስረዳት ይከብደው ይሆናል።

መፍትሔው መለኪያውን መጣል አይደለም። በደጋ ከቁጥሩ ይልቅ ልዩነቱን ማንበብ ነው። አራቱም ሲሊንደሮች 8.5፣ 8.7፣ 8.6፣ 8.7 ካሉ ሞተሩ ደህና ነው። ሦስቱ 8.7 ብለው አንዱ 5 ካለ እዚያ ውስጥ በሽታ አለ። ጥቂት ዘይት በዚያ ቀዳዳ አፍስሶ እንደገና መለካት ደግሞ በሽታውን ይከፍለዋል፦ ቁጥሩ ከፍ ካለ ፋሻው፣ ካልተነቃነቀ ቫልቩ ወይም ጓርኒሲዮኑ። ይህ ዘዴ በየትኛውም ከፍታ ይሠራል፣ ምክንያቱም ሞተሩን የሚያወዳድረው ከራሱ ጋር ነው።

እዚህ ላይ የሚጎድለው ነገር በግልጽ ይታያል። ከመሣሪያው ይልቅ የደጋ ሰንጠረዥ ነው የጠፋው፦ ለደሴ ይህን ያህል፣ ለወረኢሉ ይህን ያህል፣ ለመካነ ሰላም ይህን ያህል የሚል፣ ጋራዥ ግድግዳ ላይ የሚለጠፍ አንድ ወረቀት። ስሌቱ የሁለተኛ ደረጃ ፊዚክስ ነው። ይህን ያህል ቀላል ነገር ይህን ያህል ገንዘብ ሊያድን መቻሉ የሚያስቆጭ ነው።

የተርሞስታቱ ክርክር

መካኒክን ከመካኒክ የሚያጣላ አንድ ጥያቄ ቢኖር ይህ ነው፦ ሙቀት የሚሠራ ሞተር ተርሞስታቱ ይውጣ ወይስ ይኑር?

ይውጣ የሚሉት ምክንያት አላቸው። ተርሞስታት ተዘግቶ ከቀረ ሞተር ይነክሳል፣ ቴስታታ ይጣመማል፤ ደህና ተርሞስታት ደግሞ በየቦታው አይገኝም። ኮምቦልቻና ከዚያ በታች ላለው ቆላ ክርክሩ ክብደት አለው። ይኑር የሚሉት የሚመልሱት፣ ቀዝቅዞ የሚሠራ ሞተር ነዳጅ ይበላል፣ ዘይቱን ያጠቁራል፣ ፋሻውን ቶሎ ይጨርሳል ብለው ነው። ጠዋት ውርጭ በሚያነጋበት ደጋ ይህ መልስ ይበልጥ ይከብዳል።

ሁለቱም ወገኖች ብዙ ጊዜ የሚያልፉት አንድ ልዩነት አለ። በአንዳንድ ሞተሮች፣ በብዙ የቶዮታ ሞተሮች ጭምር፣ ተርሞስታቱ ሁለት በር ነው፤ ሲሞቅ አንዱን ወደ ራዲያተር ይከፍታል፣ በሌላው ጫፉ ደግሞ ውሃው ሳይቀዘቅዝ ወደ ሞተር የሚመለስበትን አቋራጭ ይዘጋል። እሱ ሲወጣ አቋራጩ እንደተከፈተ ይቀራል፤ ከውሃው ከፊሉ ራዲያተሩን ሳያይ ይዞራል። እንዲቀዘቅዝ የተደረገው ሞተር አቀበት ላይ ይብሱን ይሞቃል። ስለዚህ ጥያቄው አንድ መልስ የለውም፤ መልሱ እንደ ሞተሩ ዓይነት ይለያያል።

ከዚህ ሁሉ በፊት መታየት ያለባቸው ርካሽ ነገሮች አሉ፦ ክዳኑ፣ የላላ ቺንጋ፣ በጭቃና በገለባ የተደፈነ የራዲያተር ፊት፣ ከወንዝ እየተቀዳ በተሞላ ውሃ በዝገትና በደለል የጠበበ ውስጡ።

መብራቱ ሲደክም

በኤሌክትሪክ በኩል የሚታየው ብክነት ከሞተሩ ይበልጣል ማለት ይቻላል። ጠዋት መኪናው አልነሳ ይላል፤ ባትሪ ይገዛል። ከወር በኋላ ያው ይደገማል፤ ሞተሪኖ ይለወጣል። ከዚያ ዲናሞ። በመጨረሻ ጥፋቱ ባትሪውን ከሞተሩ ብረት ጋር የሚያገናኘው የኔጋቲቭ ገመድ ጫፍ ላይ የተጋገረ ዝገት ሆኖ ይገኛል።

ይህን ለማወቅ አንድ ርካሽ ቴስተር ይበቃል። በመጀመሪያ መኪናው ካደረ በኋላ ባትሪው ይለካል፤ 12.6 ቮልት አካባቢ ከሆነ ሙሉ ነው፣ 12.2 ከሆነ ግማሽ ነው። ሞተሩ ሲነሳ 13.8 እስከ 14.4 ካሳየ ዲናሞው ይሞላል። ቀጥሎ የቴስተሩ አንድ ጫፍ በባትሪው ኔጋቲቭ፣ ሌላው በሞተሩ ባዶ ብረት ላይ ይደረግና ረዳቱ ቁልፉን ያዞራል። ጤነኛ ገመድ ላይ የሚነበበው ከዜሮ ብዙ አይርቅም። ግማሽ ቮልትና ከዚያ በላይ ካሳየ ኃይሉ ዝገቱ ላይ እየቀረ ነው፤ ሁለት ደቂቃ የሽቦ ብሩሽ ሥራ ሦስት ዕቃ ከመግዛት ያድናል። መኪናው እያደረ ባትሪ የሚጨርስ ከሆነ ደግሞ፣ ሁሉም ነገር ጠፍቶ የሚፈሰው ኃይል ከ0.05 አምፔር መብለጥ የለበትም። ቢበልጥ ፊውዝ በፊውዝ እየነቀሉ የሚቀንስበትን ቦታ መፈለግ ነው። ተጠርጣሪው አብዛኛውን ጊዜ በኋላ የተጨመረው ቴፕ፣ ጌጥ መብራት ወይም ማጉያ ነው።

የደጋው ብርድ እዚህም ይገባል። ባትሪ ወደ ዜሮ ዲግሪ ሲጠጋ በ25 ዲግሪ ከሚሰጠው አንድ አምስተኛውን ያህል ይቀንሳል፤ በዚያው ጠዋት የሞተሩ ዘይት ወፍሮ ሞተሪኖው ከወትሮው የበለጠ ይለፋል። ስለዚህ ኮምቦልቻ ላይ ያለ ችግር የሚያስነሳ የደከመ ባትሪ መካነ ሰላም አድሮ እምቢ ይላል። ይህ ድንገተኛ ብልሽት አይደለም፣ ቀደም ብሎ በቴስተር የሚታይ ነበር።

አንድ ነገር ላይ ግን ሁለት ወገን የለም፤ ሊኖርም አይገባም። የተቃጠለን ፊውዝ በሽቦ ወይም በሲጋራ ፓኮ ብልጭልጭ ወረቀት መተካት መኪናን ከነተሳፋሪው ለእሳት ማዘጋጀት ነው።

ኮምፒውተሩ የሚያውቀውና የማያውቀው

አሜሪካ ከ1996 እ.ኤ.አ. ጀምሮ፣ አውሮፓ ደግሞ በቤንዚን መኪና ከ2001 ጀምሮ ሁሉም አዲስ መኪና አንድ ዓይነት የመመርመሪያ ሶኬት እንዲኖረው አስገደዱ። ዛሬ ከስልክ ጋር የሚገናኝ ትንሽ ማንበቢያ በቀላሉ ይገዛል። ከዚያ በፊት የነበሩ በርካታ ቶዮታዎችም ቢሆኑ ዝም አላሉም፤ ሞተር ክፍሉ ውስጥ ባለችው ሣጥን ቲኢ1 እና ኢ1 የተባሉትን ቀዳዳዎች በአጭር ሽቦ አገናኝቶ ቁልፍ ሲከፈት የዳሽቦርዱ የሞተር መብራት ብልጭ እያለ ኮዱን ይቆጥራል። ይህን የሚያውቅ መካኒክ ያለ ምንም ማሽን ያነባል።

ጭቅጭቁ ያለው ኮዱ ምን ማለት ነው በሚለው ላይ ነው። «የኦክስጅን ሴንሰር፦ ድብልቁ ነዳጅ በዝቶበታል» የሚል ኮድ ሴንሰሩ ተበላሽቷል አላለም፤ ሴንሰሩ ያየውን ተናገረ እንጂ። ምክንያቱ የተደፈነ የአየር ማጣሪያ፣ የሚያፈስ ኢንጀክተር፣ ተከፍቶ የቀረ ተርሞስታት ሊሆን ይችላል። ኮድ አንብቦ በስሙ የተጠራውን ዕቃ መለወጥ፣ በጆሮ ገምቶ ዕቃ ከመለወጥ የሚለየው በዋጋው ብቻ ነው።

ዕቃው፣ ታክሱና እገዳው

በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186 በአሮጌ ተሽከርካሪ ላይ ዕድሜው በጨመረ ቁጥር የሚከብድ ታክስ ጣለ። በጥር 2016 ደግሞ መንግሥት ኤሌክትሪክ ያልሆኑ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መከልከሉን አስታወቀ። ደጋፊዎቹ የነዳጅ ወጪን፣ ጭሱንና የአሮጌ መኪና አደጋን ያነሳሉ፤ ሁሉም እውነተኛ ጉዳዮች ናቸው። ተቺዎቹ የሚሉት፣ አዲሱ የማይደረስበት ሲሆን አሮጌው ከመንገድ አይወጣም፣ ይልቁንም ይበልጥ ያረጃል ነው። ሁለቱም በአንድ ጊዜ ልክ ሊሆኑ ይችላሉ። ለገጠሩ ሾፌር የሚታየው ውጤት ግን አንድ ነው፦ በእጁ ያለውን መኪና ለረጅም ጊዜ ማኖር አለበት።

ይህ ደግሞ የመለዋወጫውን ጥያቄ ያከብደዋል። ከአዲስ አበባው ሶማሌ ተራ ከፈረሰ መኪና የወጣ ኦሪጅናል ይሻላል ወይስ አዲስ ኮፒ? እንደ ዕቃው ነው። ያገለገለ የፋብሪካ ዲናሞ ውስጡ ሊታደስ ስለሚችል ከማይታወቅ ኮፒ ሊመረጥ ይችላል። ያገለገለ የፍሬን ጎማ፣ ቺንጋ ወይም ተርሞስታት ግን ምንም ያህል ኦሪጅናል ቢሆን ዕድሜውን ይዞት የመጣ ነው።

ፖምፓው ለየትኛው ከፍታ ይስተካከል?

ከሁሉም ይልቅ ሳይቋጭ የቀረው ይህ ነው። አንድ የቆየ ሃይኤስ በአንድ ቀን ከኮምቦልቻ ተነስቶ፣ በደሴ በኩል ጉጉፍቱን ወጥቶ ወረኢሉ ይገባል። ናፍጣው በኮምቦልቻ ልክ ከተስተካከለ ጉጉፍቱ ላይ ይጠቁራል፣ ነዳጅ ያባክናል፣ የጭሱ ሙቀትም ይጨምራል። በጉጉፍቱ ልክ ቢቀነስለት ጭሱ ይጠራል፤ ኮምቦልቻ ሲወርድ ግን ሊሰጥ የሚችለውን ጉልበት ያጣል፣ የሞላ ተሳፋሪ ይዞ አቀበቱን ሲጀምር ይደክማል። ቶዮታ በአንዳንድ የናፍጣ ፖምፓዎች ላይ የአየሩን ግፊት እየተከተለ ናፍጣውን የሚቀንስ መሣሪያ ገጥሞ ነበር፤ ብዙዎቹ መኪኖች ግን ይህ የላቸውም።

አንዳንድ መካኒኮች ለአቀበቱ እየቀነሱ ያስተካክላሉ፣ ሌሎች የፋብሪካውን ማኅተም መንካት ነውር ነው ይላሉ። የመጀመሪያዎቹ የነዳጅ ቁጠባውን፣ ሁለተኛዎቹ ማኅተሙ ከተፈታ በኋላ ያለ መሞከሪያ ማሽን ወደ ልኩ መመለስ አለመቻሉን ያስረዳሉ። ክርክሩን ለመቁረጥ የሚያስፈልገው ብዙ አይደለም፦ አንድ ዓይነት ሞተር ያላቸው ሁለት መኪኖች፣ አንድ ዓይነት ጭነት፣ አንዱ እንደ ፋብሪካው ሌላው ለደጋ ተቀንሶ፣ በዚያው መንገድ ለጥቂት ሳምንት ተመላልሰው የጠጡት ናፍጣና የፈጀባቸው ሰዓት በደብተር ቢያዝ። ሞተሩን የሚያስተምረው የሙያ ኮሌጅም፣ መኪናውን የሚነዳው ማኅበርም እዚያው ደሴና ኮምቦልቻ አሉ።